ኤሲው ማቀዝቀዝ ሲያቅተው፦ ያረጀውን ቴርሞስታት ከመቀየር በፊት ደረጃ በደረጃ የሚደረግ ፍተሻ

ሐምሌ አገር ቤት የጋቢ ወር ነው፤ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ግን ሙቀቱ እርጥበት ተሸክሞ ስለሚመጣ፣ ኤሲው የቆመበት ቤት ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው የማይተኛበት ይሆናል። እንዲህ ባለ ቀን አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ግድግዳው ላይ ወዳለው ቴርሞስታት ነው። ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል፤ ለውጥ ሲያጣ እንደገና ዝቅ ያደርጋል፤ በመጨረሻም «ይሄ ነገር አርጅቷል» ብሎ አዲስ ሊገዛ ይወጣል። ቴርሞስታቱ በእርግጥ የተበላሸበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ሌላ ቦታ የደረሰ ብልሽት መጀመሪያ የሚታየው በእርሱ ላይ ስለሆነ ያለ ጥፋቱ የሚቀየርበት ጊዜም ብዙ ነው።

ይህንን የምጽፈው እኔም ተሳስቼ ገንዘብ ስላወጣሁበት ነው። የመጀመሪያ ቤቴን በገዛሁበት ሰመር የቴርሞስታቱ መስኮት ድንገት ጨለመ። ባትሪ የሌለው ዓይነት ስለነበር ሞተ ብዬ አዲስ ገዛሁ፤ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ተጨንቄ ሰቀልኩት፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ጨለማ ሆነ። ማታ ቤዝመንት ወርጄ በእጅ ባትሪ ሳይ፣ ከኤሲው የሚንጠባጠበው ውሃ መውጫ አጥቶ አየሩን ከሚያቀዘቅዘው የቱቦ ጥቅል (ኮይል) በታች ያለው ሳህን ሞልቷል፤ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ያለችው የአውራ ጣት የምታህል ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ከውሃው ጋር ወደ ላይ ተነሥታ፣ ቤቱ እንዳይጥለቀለቅ መሥመሩን ቆርጣዋለች። የተዘጋው ቱቦ ተጠርጎ አንድ ስኒ አቼቶ ሲፈስበት ውሃው ወረደ፣ ሁለቱም ቴርሞስታቶች መሥራት ጀመሩ።

መመሪያው የሚያገለግለው በአሜሪካ የግል ቤቶች ውስጥ በብዛት ለሚገኘው ማዕከላዊ ኤሲ ነው፤ ይኸውም ከውጭ የማቀዝቀዣ ጋዙን የሚጨምቅ ኮምፕረሰርና ትልቅ ማራገቢያ የያዘ የብረት ሳጥን፣ ከውስጥ ደግሞ ፈርነሱ (የቤቱ ማሞቂያ) አጠገብ የተቀመጠ ቀዝቃዛ ኮይል ያለው፣ አየሩንም በቱቦ ወደየክፍሉ የሚልከው ዓይነት ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በሪሞት የሚታዘዘው፣ ድሬዳዋም ዱባይም የሚታየው ኤሲ የግድግዳ ቴርሞስታት ስለሌለው የመመሪያው ግማሽ አይመለከተውም፤ ስለ ማጣሪያ፣ ስለ ውሃና ስለ ጋዝ የተባለው ግን ለእርሱም ይሠራል። የሚያስፈልገው መሣሪያ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የእጅ ባትሪ፣ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር፣ ትንሽ ውሃ ልክ እና ተለዋጭ ኤሌክትሪክ መለካት የሚችል ርካሽ ቴስተር ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። ቴርሞስታት ማብሪያ ማጥፊያ እንጂ ሌላ አይደለም። በፈርነሱ ውስጥ ያለ ትንሽ ትራንስፎርመር የቤቱን 120 ቮልት ወደ 24 ቮልት ዝቅ ያደርጋል፤ ይህ 24 ቮልት በቀጭን ሽቦ ወደ ቴርሞስታቱ ይመጣል፤ ክፍሉ ከተጠየቀው በላይ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ሽቦዎቹን ያገናኝና አንዱ ሽቦ የውስጡን ማራገቢያ፣ ሌላው የውጭውን ኮምፕረሰር ያስነሣል። በብዙ አሮጌ ኤሲዎች ኮምፕረሰሩ ያለው አንድ ጉልበት ብቻ ስለሆነ፣ 75 ፋራናይት ፈልጎ ቴርሞስታቱን 60 ላይ ማድረግ ቤቱን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ የሚያርቀው ማቆሚያውን ብቻ ነው።

አንደኛ፦ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ይለዩ

ቴርሞስታቱን «ኩል» ላይ፣ ማራገቢያውን «አውቶ» ላይ ያድርጉና የተጠየቀውን ሙቀት ክፍሉ ካለበት ቢያንስ በ5 ፋራናይት ዝቅ ያድርጉ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ይጠብቁ፤ ብዙዎቹ ዲጂታል ቴርሞስታቶች ኮምፕረሰሩን ለመጠበቅ ሲሉ ከቆመ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል እንዳይነሣ ስለሚያደርጉት፣ በዚያ መሀል ቁልፉን ደጋግሞ መነካካት ፍተሻውን ያደናግራል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ የአየር መውጫው ላይ እጅዎን ያድርጉ፤ ቀጥሎም ወደ ውጭ ወጥተው ሳጥኑን ያዳምጡ።

ውስጥም ውጭም ጸጥ ካለ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይሂዱ። ውስጥ እየነፈሰ ውጭ ዝም ካለ ወይም «እምም» ብቻ ካለ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው የውጭው ሳጥን ዘንድ ነው፤ አምስተኛውን ይመልከቱ። ሁለቱም እየሠሩ አየሩ ለብ ያለ ወይም ደካማ ከሆነ ሦስተኛው ላይ ይጀምሩ። ኤሲው እየሠራ ቤቱ ከተጠየቀው ሦስት አራት ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ የሚል፣ ወይም በየሁለት ደቂቃው የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ግን ቴርሞስታቱን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ስድስተኛው ደረጃ ለእርሱ የተጻፈ ነው።

ሁለተኛ፦ ኤሌክትሪኩ መድረሱን ያረጋግጡ

ኤሲው የሚጠቀመው ሁለት ብሬከር ነው፤ ይህንን ባለማወቅ አንዱን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። የውስጡ ክፍል ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ጣት ብሬከር አለው፤ የውጭው 240 ቮልት ስለሚፈልግ ሁለት ጣቶቹ የተያያዙ ብሬከር ነው። የወደቀ ብሬከር ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይወድቅም፤ መሀል ላይ ይቆማል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ወደ ማጥፊያው ይግፉትና መልሰው ያብሩት። ይህንን አንድ ጊዜ ብቻ ያድርጉ፤ ዳግመኛ ከወደቀ የሆነ ቦታ የተገናኘ ሽቦ ወይም የታመመ ሞተር አለ ማለት ስለሆነ ብሬከሩን እየመለሱ መሞከር ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

ከፈርነሱ ጎን ወይም ከላዩ ተራ የመብራት ማብሪያ የሚመስል ቁልፍ አለ። ዕቃ ሊያወጣ ቤዝመንት የወረደ ሰው መብራት መስሎት አጥፍቶት ይሆናል። የፈርነሱ የፊት ሽፋንም በቦታው በደንብ መግባት አለበት፤ ከኋላው ያለች ትንሽ ቁልፍ ሽፋኑ ካልተጫናት ኤሌክትሪኩን ትቆርጣለች። ቴርሞስታቱ ባትሪ ያለው ከሆነ ባትሪው ገና ይሠራል ብለው ሳይተዉ በአዲስ ይቀይሩት። ሁሉም ደህና ሆኖ ዝምታው ከቀጠለ፣ የውስጡን ብሬከር አጥፍተው የፈርነሱን ሽፋን ይክፈቱና በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ላይ የተሰካችውን የመኪና ፊውዝ የመሰለች ፊውዝ ይፈልጉ፤ ሐምራዊ ከሆነች 3 አምፒር፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነች 5 አምፒር ናት። ነቅለው ወደ ብርሃን ያዙዋት፤ በመሀሏ የምታልፈው ቀጭን ብረት ከተበጠሰች በዚያው ቁጥር ይተኩ እንጂ ከፍ ያለ አምፒር አያስገቡ።

ሦስተኛ፦ ማጣሪያውን እና የአየሩን መንገድ ይመልከቱ

ለዚህ ደረጃ ከሌሎቹ በላይ ጊዜ ቢሰጡ አይቆጭዎትም። ማጣሪያው ወደ ፈርነሱ በሚገባው ሰፊ ቱቦ ውስጥ ወይም በግድግዳው የአየር መሳቢያ ላይ ይገኛል፤ ልኩም እንደ 16 በ25 በ1 ኢንች ተብሎ በጠርዙ ላይ ይጻፋል። አውጥተው ወደ መብራት ያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። ባለ 1 ኢንቹ በየአንድ እስከ ሦስት ወር ይቀየራል ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን ሦስት ወር ረጅም ነው። ቡና በየሳምንቱ መጨረሻ የሚቆላበት፣ እጣን የሚጨስበት፣ ሽንኩርት በድስት የሚቁላላበት ቤት ማጣሪያው የሚይዘው አቧራ ብቻ ሳይሆን ቅባት ያለው ጥቀርሻም ስለሆነ፣ በሰመር በየወሩ ቢያዩት ይሻላል። አዲሱን ሲያስገቡ በጠርዙ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፈርነሱ ይዙር።

አየሩ በቂ ካልሆነ ኮይሉ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዝና በእርጥበቱ ላይ በረዶ ይሠራል፤ በረዶው አየሩን ይበልጥ ይዘጋል፤ ይህም እየተደጋገመ ኤሲው ሌት ተቀን እየሠራ ቤቱ የሚሞቅበት ደረጃ ይደርሳል። ምልክቱ ፈርነሱ አጠገብ ያለችው፣ ጥቁር ስፖንጅ የለበሰችው ወፍራም የመዳብ ቱቦ ናት፤ ደህና ስትሆን ቀዝቅዛ ላብ የምታወጣ፣ ስትታመም ግን ነጭ ውርጭ የምትለብስ ናት። ውርጭ ካዩ በቢላ ወይም በካቻቢቴ ለመፋቅ አይሞክሩ፤ ከሥሩ ያለው ብረት ስስ ስለሆነ ይበሳል። ቴርሞስታቱን ከ«ኩል» ወደ «ኦፍ» ያድርጉ፣ ማራገቢያውን ብቻ «ኦን» ላይ ይተዉት፣ ከሥሩ ፎጣ ያንጥፉና ይጠብቁ። ለመቅለጥ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ፣ የተዘጉ የአየር መውጫዎችም ተከፍተው በረዶው ከተመለሰ የጋዝ መፍሰስ ወይም የቆሸሸ ኮይል ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ይተዉት።

አየሩ ደህና እየነፈሰ ከሆነ አንድ ልኬት ይውሰዱ። ኤሲው ሩብ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ በወጥ ቤቱ ቴርሞሜትር መጀመሪያ በአየር መሳቢያው፣ ቀጥሎ ለፈርነሱ ቅርብ በሆነው የአየር መውጫ ይለኩ። ልዩነቱ ከ15 እስከ 20 ፋራናይት ከሆነ የማቀዝቀዙ ሥራ ደህና ነው፤ ውጭ ከ95 በላይ በሆነ ቀን ቤቱ 68 አልደርስ ቢል ብልሽት አይደለም። ልዩነቱ 8 ወይም 10 ብቻ ከሆነ ግን ችግር አለ፤ ቴርሞስታቱ ግን የለበትም፤ እርሱ ሥራውን ሠርቶ ኤሲውን አስነሥቶታል።

አራተኛ፦ ውሃው መውጫ ማግኘቱን ያረጋግጡ

ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱንም ስለሚያወጣ በእርጥብ ቀን ብዙ ሊትር ውሃ ይወርዳል። ውሃው የሚሄድበት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ በውስጡ አልጌ ያበቅልና ይደፈናል። ሳህኑ ውስጥ የቆመ ውሃ ካዩ ኤሲውን ያጥፉ፤ የቱቦውን የውጭ ጫፍ ይፈልጉና ውሃ መሳብ በሚችል ቫኪዩም፣ መጋጠሚያውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ይሳቡት። የሚወጣው ጥቁር አረንጓዴ ልጋግ ነው። ከዚያ ከላይ ባለው ክፍት አፍ አንድ ስኒ አቼቶ ያፍስሱ፤ በሰመር በየወሩ ቢደግሙት መደፈኑ ይቀንሳል። ቤዝመንትዎ ከፍሳሽ መሥመሩ ዝቅ ያለ ከሆነ ውሃውን ወደ ላይ የምትገፋ ትንሽ ፓምፕ ስለምትኖር እርሷም መሰካቷንና መሥራቷን ይመልከቱ።

አምስተኛ፦ የውጭው ሳጥን

ሣርና ቁጥቋጦ ከዙሪያው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ብሬከሩንም ከሳጥኑ አጠገብ በግድግዳው ላይ ያለችውን ማቋረጫም ካጠፉ በኋላ በሳጥኑ ዙሪያ ያሉትን የብረት ክንፎች በተራ የአትክልት ጎማ በቀስታ ይጠቡ፤ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ማሽን ስስ ክንፎቹን ስለሚያጣጥፍ አይጠቀሙበት።

ሳጥኑ «እምም» እያለ ማራገቢያው ካልዞረ ብዙ ጊዜ የሞተው ካፓሲተሩ ነው። ካፓሲተር ኮምፕረሰሩንና ማራገቢያውን የሚያስነሣ የቆርቆሮ ጣሳ የመሰለ ክፍል ነው፤ ጭንቅላቱ ካበጠ ወይም ዘይት ካንጠባጠበ አብቅቶለታል። ክፍሉ ርካሽ ነው፤ ሆኖም ብሬከሩ ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ፣ አሠራሩን የማያውቅ ሰው የሳጥኑን ሽፋን እንዳይከፍት እመክራለሁ። በእንጨት ማራገቢያውን ገፍቶ ማስነሣት በቪዲዮ ይታያል፤ ሞተሩን ለጊዜው ያዞረው ይሆናል፣ ችግሩን ግን አይፈታም። በዚያው ሳጥን ውስጥ ያለው ኮንታክተር የሚባለው፣ በ24 ቮልት ታዞ 240 ቮልቱን የሚያገናኘው ማብሪያም የራሱ ችግር አለው፤ ጉንዳኖች በሁለቱ ብረቶች መካከል ይገቡና ተቃጥለው ስለሚጣበቁ መገናኘት ያቅተዋል። አንድ ጊዜ ቴክኒሻኑ አውጥቶ ሲያሳየኝ የተጠበሱ ጉንዳኖች እንደ ጥቁር አዝሙድ በብረቱ ላይ ተነጥፈው ነበር።

ስድስተኛ፦ አሁን ቴርሞስታቱን ይፈትሹ

መጀመሪያ ምን ዓይነት እንደሆነ ይወቁ። ከ1960ዎቹ እስከ 1990ዎቹ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው ወርቅማ ክብ ቴርሞስታት ሃኒዌል እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣውና ሄንሪ ድሬይፈስ የነደፈው ዓይነት ወይም የእርሱ ዘመድ ነው። ሽፋኑን ወደ ራስዎ ቢስቡት ይወጣል፤ ከሥሩ እንደ ሰዓት ምንጭ የተጠቀለለ ስስ ብረት፣ በእርሱም ላይ የጣት ጥፍር የምታህል የብርጭቆ ብልቃጥ ትታያለች። በብልቃጧ ውስጥ የምታበራው ጠብታ ባዜቃ (ሜርኩሪ) ናት። ጥቅሉ ከሁለት የተለያዩ ብረቶች ስለተሠራ በሙቀት ይጠቀለላል ወይም ይፈታል፤ ብልቃጧም አብራ ታዘነብላለች፤ ባዜቃዋ ወደ አንዱ ጫፍ ስትንሸራተት ሁለቱን ሽቦዎች ታገናኛለች። ጥቅሉንና ብልቃጧን ሳይነኩ ቁጥሩን ቀስ ብለው ቢያዞሩ ጠብታዋ ስትሄድ ያያሉ። የማይዝግና የማይላላጥ ማገናኛ ስለሆነ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ በዕድሜው ብቻ አይፍረዱበት።

ይህ ዓይነት የሚታመመው በሦስት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው መዛባት ነው፤ አሠራሩ በማዘንበል ላይ የቆመ በመሆኑ መሠረቱ ከግድግዳው ትንሽ ከተጣመመ ልኬቱም ይጣመማል። ግድግዳ የቀባ ሰው ነቅሎ መልሶት ከሆነ ውሃ ልኩን በመሠረቱ ላይ ያድርጉና ብሎኑን አላልተው ያስተካክሉ። ሁለተኛው አቧራ ነው፤ በጥቅሉ ላይ የተኛውን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ እንጂ በጣት አይንኩት። ሦስተኛው ከኋላው ያለው ቀዳዳ ነው፤ ሽቦዎቹ በሚወጡበት ቀዳዳ ከግድግዳው ውስጥ ሞቃት አየር እየነፈሰ ቴርሞስታቱን ያሳስተዋል። ትንሽ ስቱኮ ወይም ስፖንጅ ይጠቅጥቁበት። ባዜቃ የሌላቸው፣ ሁለት ጥቃቅን ብረቶች እየተነካኩ የሚሠሩት አሮጌ ቴርሞስታቶች ደግሞ ብረቶቹ ይጠቁሩባቸዋል፤ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ንጹሕ ወረቀት በመካከላቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ማለፍ ይበቃል። የአሸዋ ወረቀት ግን ያበላሻቸዋል።

ቦታውም ሊያሳስት ይችላል። ቴርሞስታት የሚለካው እርሱ ያለበትን አየር እንጂ የመኝታ ቤቱን አይደለም። የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት፣ ከቴሌቪዥን በላይ የተሰቀለ፣ ወይም ረከቦቱና የቡናው ምድጃ ከሥሩ የሚቀመጡበት ከሆነ ቤቱ ሁሉ የሞቀ ይመስለዋል። እናቴ ሳሎን ቡና ስታፈላ ኤሲው የማይቆምበትን ምክንያት ለማወቅ ሁለት ሰመር ፈጅቶብኛል። ኤሌክትሪክ ምጣድም ወጥ ቤቱ ለቴርሞስታቱ ቅርብ በሆነበት ቤት ይህንኑ ያደርጋል። ለማጣራት ሌላ ቴርሞሜትር ከቴርሞስታቱ ጎን በማጣበቂያ ይስቀሉና ሩብ ሰዓት ቆይተው ያወዳድሩ፤ የ1 ወይም የ2 ፋራናይት ልዩነት ብዙ አያስጨንቅም፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቦታው አሳስቶታል ወይም ልኬቱ ተዛብቷል።

ቴርሞስታቱ ጭራሽ ኤሲውን የማያስነሣ ከሆነ ወደ ሽቦዎቹ ይሂዱ። እዚህ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ከኋላው ሁለት ወይም አራት እንደ መብራት ሽቦ የወፈሩ ሽቦዎች ካሉ ያ ቴርሞስታት በ120 ወይም በ240 ቮልት የግድግዳ ማሞቂያ የሚያዝ ነውና ሽፋኑን መልሰው ይተዉት። የእኛዎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ በፊደል በተመለከቱ ብሎኖች ላይም ይታሰራሉ። «አር» ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው፣ «ዋይ» ኮምፕረሰሩን፣ «ጂ» ማራገቢያውን፣ «ደብልዩ» ማሞቂያውን የሚያዙ ናቸው፤ «ሲ» ካለ መመለሻው ነው። የሽቦው ቀለም በልማድ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ እና ሰማያዊ ቢሆንም፣ የቀደመው ሠራተኛ ያገኘውን ቀለም አስሮ ሊሆን ስለሚችል ፊደሉን እንጂ ቀለሙን አይመኑ።

ቴስተሩን ተለዋጭ ቮልት ላይ ያድርጉ። በ«አር» እና በ«ሲ» መካከል ከ24 እስከ 28 ቮልት ካሳየ ትራንስፎርመሩም ፊውዙም ደህና ናቸው። ምንም ካላሳየ አዲስ ቴርሞስታት ቢገዙ እንደ እኔ ገንዘብዎን ይጥላሉ፤ ወደ ሁለተኛውና ወደ አራተኛው ደረጃ ይመለሱ። ኤሌክትሪኩ ካለ፣ ቴርሞስታቱን «ኩል» ላይ አድርገው ቁጥሩን ዝቅ ካደረጉና አምስቱ ደቂቃ ካለፈ በኋላ በ«አር» እና በ«ዋይ» መካከል ይለኩ። ማብሪያው ከተገናኘ በሁለቱ መካከል ልዩነት ስለማይኖር ዜሮ ገደማ ያሳያል። ቴርሞስታቱ ኤሲውን ማስነሣት ባለበት ሰዓት አሁንም 24 ቮልት ካሳየ ግን ማብሪያው አልተገናኘም፤ በዚህ ጊዜ ጥፋተኛው ቴርሞስታቱ ነው።

ቴስተር ከሌለ ሌላ መንገድ አለ። የውስጡን ብሬከር ያጥፉ፤ የቴርሞስታቱን ፊት ያውጡ፤ «አር»ን፣ «ዋይ»ን እና «ጂ»ን በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ ብሬከሩን ያብሩ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ኤሲው በውስጥም በውጭም ከተነሣ ከቴርሞስታቱ በስተቀር ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው። ካልተነሣ ቴርሞስታቱ ነጻ ነው። «ሲ»ን ከ«አር» ጋር እንዳያነካኩ ይጠንቀቁ፤ ፊውዙን ወይም ትራንስፎርመሩን በቅጽበት ያቃጥላል። ፍተሻውን እንደጨረሱም ብሬከሩን አጥፍተው ሽቦውን ይፍቱ፤ ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ኤሲ የሚያቆመው የለምና። በብሎኖቹ መካከል «ኦ» ወይም «ቢ» የሚል ሽቦ ካለ ቤትዎ ያለው ማቀዝቀዝም ማሞቅም የሚችለው ሂት ፓምፕ ስለሆነ ይህ ሙከራ እንዳለ አይሠራም።

ሰባተኛ፦ ለመቀየር ከወሰኑ

ብሬከሩን ያጥፉና አሮጌውን ከመንካትዎ በፊት ሽቦዎቹን ከነፊደሎቻቸው በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ በእያንዳንዱም ላይ ፊደሉን በማጣበቂያ ይለጥፉ። ሽቦዎቹ ተመልሰው ግድግዳው ውስጥ እንዳይወድቁ እርሳስ ላይ ይጠምጥሟቸው። አሮጌው አንድ «አር» ብቻ ኖሮት አዲሱ ለማቀዝቀዣው «አርሲ»፣ ለማሞቂያው «አርኤች» ካለው ሁለቱን በሚያገናኘው ትንሽ ብረት ያያይዟቸው፤ አንዳንዱ ራሱ ያገናኛል።

በኢንተርኔት የሚሠሩት ዘመናዊ ቴርሞስታቶች አብዛኞቹ «ሲ» ሽቦ ይፈልጋሉ፤ ክቡ አሮጌው ግን አያስፈልገውም ነበር። ግድግዳው ውስጥ ተጠቅልሎ የተተወ ትርፍ ሽቦ መኖሩን ይመልከቱ፤ ካለ በፈርነሱ ሰሌዳ «ሲ» ላይ ማሰር ብቻ ነው የሚቀረው። ከሌለ አስማሚ መሣሪያ አብሮት የሚሸጥ ቴርሞስታት ይምረጡ፤ ወይም በባትሪ የሚሠራ ቀላል ዲጂታል ይግዙ። በእኔ እምነት ሰዓትና ቀን ብቻ የሚቀበለው ተራው ለብዙ ቤተሰብ ይበቃል። ሂት ፓምፕ ላለው ቤት ግን «ኦ» ወይም «ቢ» የሚለው ምርጫ በትክክል መሞላት አለበት፤ ከተገለበጠ ኤሲው «ኩል» ተብሎ ሞቃት አየር ይነፋል።

ባዜቃ ያለበትን አሮጌ ቴርሞስታት ቆሻሻ ውስጥ አይጣሉ። በአንድ ብልቃጥ ውስጥ 3 ግራም ገደማ ባዜቃ አለ። ሳይከፍቱ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይክደኑትና አካባቢዎ ወዳለው የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይውሰዱት፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪዎቹን በሻዲ ግሮቭ ጣቢያው፣ ፌርፋክስ ካውንቲም በአይ-66 ጣቢያው ይቀበላል። ብልቃጧ ከተሰበረች ልጆችን አስወጥተው መስኮት ይክፈቱ፤ በመጥረጊያም በቫኪዩምም አይንኩት፤ ጠብታዎቹን በጠንካራ ወረቀት ሰብስበው በሚከደን ብልቃጥ ያኑሩ፤ ጥቃቅኑን በማጣበቂያ ያንሡ።

ስምንተኛ፦ ባለሙያ ሲጠሩ

ጋዝ የመጨመርና የማውጣት ሥራ በአሜሪካ ሕግ የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት በሚያውቀው የ608 ፈቃድ ለያዘ ሰው ብቻ የተተወ ነው። «ጋዙ አልቋል፤ እንሙላ» የሚል ሰው ሲመጣ ይህንን ያስታውሱ፦ ጋዙ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፣ በተዘጋ መሥመር ውስጥ ይዞራል፤ ጎድሎ ከተገኘ ፈሷል ማለት ነውና የፈሰሰበት ቦታ ሳይፈለግ መሙላት ለሚቀጥለው ሰመር ሌላ ክፍያ ማዘጋጀት ነው። በውጭው ሳጥን ላይ ያለው ሠሌዳ የጋዙን ዓይነት ይናገራል። አር-22 ከሆነ ማምረቱም ማስገባቱም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ስለቆመ የቀረው ጋዝ ውድ ነው፤ ትልቅ ጥገና ከማድረግ በፊት አዲስ ኤሲ ቢያስቡ ይሻላል። ከ2025 ወዲህ የሚመረቱ አዲስ የቤት ኤሲዎች አር-410ኤን ትተው በአብዛኛው አር-454ቢን ወይም አር-32ን ይጠቀማሉ።

በስልክ ሲደውሉ «ኤሲዬ አይሠራም» ከማለት ይልቅ ያገኙትን ይንገሩ፦ ማጣሪያው አዲስ ነው፣ ሳህኑ ደረቅ ነው፣ በ«አር» እና በ«ሲ» መካከል 26 ቮልት አለ፣ የመሳቢያውና የመውጫው ልዩነት 9 ዲግሪ ነው። ካፓሲተር ተቀየረ ከተባለ አሮጌውን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ጎኑ ላይ እንደ 45/5 ያለ የማይክሮፋራድ ቁጥር ተጽፎበታል፤ በሜትሩ ሲለካ ከተጻፈው በ6 በመቶ ውስጥ ከሆነ መቀየሩ ለምን እንዳስፈለገ ቴክኒሻኑ ከመሄዱ በፊት ያስረዳዎት።